አንቷን ዳባዲ በጎጃም፦ የአንድ ጀማሪ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ወጪ በማን ተሸፈነ?

አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ ጥናት ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በሁለት ሥራዎቹ ነው፤ በሰበሰባቸው 234 የብራና መጻሕፍትና በ1881 ፓሪስ ላይ ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት። የሕይወቱ ዋና ሥራ ግን ልኬት ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ የተመላለሰው ከዋክብትን እያየ የቦታን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለመወሰን፣ የተራሮችን ከፍታ ለማወቅ፣ የምድርን መግነጢሳዊ ጠባይ ለመመርመር ነው። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱን በአንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ደመወዝም ሹመትም ያልነበረው የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ዐሥር ዓመት የዘለቀ የመስክ ጥናት እንዴት ሊያካሂድ ቻለ? መልሱ በከፊል በአባቱ ሀብት፣ በከፊል ደግሞ በጎጃም መሳፍንት ሰፈርና ማዕድ ይገኛል። የመጀመሪያው በየታሪኩ ይነሣል፤ ሁለተኛው ግን እንደ ወጪ ተቆጥሮ አያውቅም ለማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳባዲ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ ባስክ ምድር፣ ሱል ከሚባለው አውራጃ የወጣ፣ በአብዮቱ ዘመን ተሰዶ በአየርላንድ ሀብት ያፈራ ሰው ሲሆን እናቱ አይሪሽ ነበረች። ታናሽ ወንድሙ አርኖ በ1815 እዚያው ደብሊን ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ ልጆቹ እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን እኩል እየተናገሩ አደጉ። አንቷን በፓሪስ ሕግ ቢማርም ልቡ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ያዘነበለ ነበር፤ ወደ አፍሪካ ውስጥ የመዝለቅ ሐሳብም በወጣትነቱ አድሮበት ለዚያ ራሱን ሲያዘጋጅ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ይፋዊ ድጋፍ የተገኘው ከፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ነው። በዚያ ዘመን የፓሪስን ሥነ ፈለክ ይመራ የነበረው ፍራንሷ አራጎ የመግነጢስ መርፌ በቀን ውስጥ የምታሳየውን መዋዠቅ በምድር ወገብ አቅራቢያ የሚመዘግብለት ሰው ይፈልግ ነበር። ዳባዲ በ1836 ወደ ብራዚል ተላከ፤ በኦሊንዳ ከተማ ተቀምጦም መርፌዋን ሲከታተል ሰነበተ። ሥራው ጠባብ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ጥያቄውም የላኪው ነበር። የዛሬ ጀማሪ ተመራማሪ ይህን ዓይነቱን ስምምነት በሚገባ ያውቀዋል። ልዩ የሆነው ውጤቱ የዘገየበት ዘመን ነው፤ የብራዚሉ ምልከታ ከኢትዮጵያው ጋር ተጣምሮ በመጽሐፍ የወጣው በ1873፣ ይኸውም ከሠላሳ አምስት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ከብራዚል እንደ ተመለሰ ሁለቱ ወንድማማቾች በራሳቸው ገንዘብ ለኢትዮጵያ ጉዞ ተነሡ፤ በፌብሩዋሪ 1838 ምጽዋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ወጡ። ጥቂት እንደ ቆየ ግን አንቷን ያመጣቸው መሣሪያዎች ለአሰበው ሥራ እንደማይበቁ ተረዳ። ወንድሙን ኢትዮጵያ ትቶ የተሻሉ መሣሪያዎች ሊያመጣ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ይህ ድርጊት በሕይወት ታሪኩ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ የሚሄድ ቢሆንም ከገንዘብ አንጻር ሲታይ ትልቅ ነገር ነው። በአካዳሚ ወጪ የመጣ ወጣት ቢሆን ኖሮ ባለው መሣሪያ የሚቻለውን ለክቶ ዘገባውን ይጽፍ ነበር፤ ስሕተቱን አምኖ ከመንገድ ለመመለስ የሚያስችል በጀት ማንም አይሰጠውም። ዳባዲ የተመለሰው ተጠያቂነቱ ለአባቱ ርስት ብቻ ስለ ነበረ ነው። መልሶ ለመግባት ግን የዓይን ሕመምና የባሕር ዳርቻው ፖለቲካ ዓመታት ፈጁበት።

በዚህ መካከል አርኖ ወደ ጎጃም ተሻግሮ ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ዘንድ ገባ። ደጃዝማች ጎሹ የዳሞትና የጎጃም ገዥ ነበሩ፤ ከልጃቸው ከብሩ ጎሹ ጋር አንድ ጊዜ ተስማምተው፣ አንድ ጊዜ ተጣልተው፣ ከየጁ ራሶችም ጋር እንዲሁ እየታረቁና እየተዋጉ በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ከነበሩት ታላላቅ መኳንንት አንዱ ሆነው ኖረዋል። አርኖ አማርኛን አጥርቶ ተማረ፤ ሚካኤል በሚል ስም ይጠራ ጀመር፤ የደጃዝማቹ ባለሟል ሆኖ ከዘመቻቸው ተሳተፈ። ጠባዩ ከወንድሙ ጠባይ የተለየ ነበር። አንዱ ፈረስና ጦር፣ ሌላው ሰዓትና ቴዎዶላይት የሚወድ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሆኖም የአንቷን ሥራ በአርኖ ወዳጅነት ላይ የቆመ ነበር፤ ምክንያቱም የጎጃም ገዥ ወዳጅ ወንድም መሆን በዚያ አገር ከማንኛውም የይለፍ ደብዳቤ ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ የዘመኑን ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። በመኳንንት ቤት የተቀበሉት እንግዳ ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንደኛው ባልደረባ ነው፤ ጉዳዩን ወደ ጌታው የሚያቀርብለት፣ ከሌላ ሰው ጥቃት የሚከላከልለት ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ድርጎ ነው፤ እንጀራው፣ ጠላው፣ ጠጁ፣ ሙክቱ፣ ለበቅሎው ገብስ ሳይቀር በየዕለቱ የሚሰፈርለት ነው። እንግዳው ሲሄድም በየመንደሩ የሚያሳድሩት ባላገሮች ይህንኑ ግዴታ ይሸከማሉ። ድርጎ ከጎተራ የሚወጣ የገበሬ እህል ነው። አርኖ በደጃዝማች ጎሹ ሰፈር የኖረው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ አንቷንም ወደ ደቡብ ሲያልፍና ሲመለስ ጥላ የሆነው ይኸው ነው። የዘመናችን የምርምር በጀት የውሎ አበል፣ መጓጓዣ፣ የመስክ ረዳትና የጥበቃ ወጪ ብሎ የሚዘረዝረው ሁሉ በባልደረባና በድርጎ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኝ ነበር።

ገንዘብ በእጅ የሚያስፈልግበት ቦታ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በጎጃም ገበያዎች የሚሠራው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን አንድ ሺህ ብር የያዘ መንገደኛ 28 ኪሎ ብረት ተሸክሟል ማለት ነው፤ ያንን ሁሉ ብር በበቅሎ ጭኖ መዞር ለሽፍታ መጠቆም ነው። የበቅሎ ግዢ፣ የአሽከር ደመወዝ፣ የቀረጥ በር ክፍያ፣ ለጸሐፊ የሚከፈል፣ የብራና ዋጋ፣ እነዚህ ሁሉ ከከረጢት የሚወጡ ነበሩ። የገዛቸውና ያስገለበጣቸው መጻሕፍት ብዛት ሲታይ ከዚህ ወጪ ቀላል የማይባለው ለብራናና ለቁም ጸሐፊ እንደ ሄደ ይገመታል።

የልኬት ዘዴው ከዚህ ድህነትና ሀብት ጋር የተጣጣመ ነበር። በአውሮፓ አገርን በሦስት ማዕዘን ሰንሰለት የሚለኩ መሐንዲሶች በመጀመሪያ ሜዳ መርጠው በሰንሰለት ወይም በብረት ዘንግ መነሻ መስመር ይለካሉ፤ ለዚህም ብዙ ሠራተኛ፣ ብዙ ሳምንታትና የመንግሥት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ዳባዲ አንዱም አልነበረውም። ስለዚህ መነሻውን ከሰማይ አመጣ። እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ከፍታዎችን ይመርጣል፤ በየአንዳንዳቸው ላይ የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ ኬክሮስን ያወጣል፤ ከአንዱ ሆኖ የሌላውን አቅጣጫ ከሰሜን አንጻር በማዕዘን ይወስዳል። የኬክሮሱ ልዩነትና የአቅጣጫው ማዕዘን ከታወቁ ርቀቱ በሒሳብ ይገኛል። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ በእኛ አካባቢ 1.84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በኮከብ ልኬት ዐሥር ሰከንድ የተሳሳተ ሰው በመሬት ላይ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ይሳሳታል። ለቤተ መንግሥት ካርታ ይህ ብዙ ነው፤ ቀድሞ በነጋዴ የቀን ጉዞ ብቻ ይገመት ለነበረ አገር ግን ታላቅ እመርታ ነበር። ከፍታን ደግሞ በባሮሜትርና በውኃ መፍላት ያውቅ ነበር። የዛሬው ደብረ ማርቆስ ባለበት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወደ ዓባይ በረሃ በወረዱ መጠን ዲግሪው ይጨምራል፤ ጥሩ ቴርሞሜትርና ድስት ያለው ሰው ከዚህ ልዩነት ከፍታን ያወጣል።

የጎጃም ደጋ ለዚህ ዘዴ የተሠራ ይመስላል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጮቄ ተራራ በመካከል ቆሞ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይቆጣጠራል። በደቡብ በኩል ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በማዶ የጉድሩ አምባዎች ይታያሉ። ሸለቆውን ወርዶ መውጣት ቀናት የሚፈጅ፣ ወባና ሽፍታ ያለበት፣ በክረምትም ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ የሌለው ነው። በቴዎዶላይት ግን ከዚህ አፋፍ ማዶውን መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሰማዩ ግን እንደ ምድሩ ቸር አልነበረም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ደመናው ኮከብ አያሳይም፤ ተመራማሪው ዓባይ እስኪጎድል፣ ሰማዩም እስኪጠራ ከአራት ወር ያላነሰ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በእንዲህ ያለ አገር ዋናው ካፒታል ጊዜ ነው። የሁለት ዓመት ድጋፍ ያለው ሰው ከዚያ ውስጥ ስምንት ወር ለክረምት ይከፍላል። ዳባዲ ክረምቱን ከደብተራዎች ጋር ቋንቋ በመማርና መጻሕፍት በማሰባሰብ ያሳልፍ ነበር፤ የመዝገበ ቃላቱ ሥር ከዚህ ዓይነቱ የግድ ዕረፍት የበቀለ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በዚያው ምድር ሌላ የሰማይ ዕውቀት እንደ ነበረም መዘንጋት አይገባም። በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎች የጎጃም አድባራት የአብነት ተማሪዎች ባሕረ ሐሳብን ይቀጽሉ፣ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በቃል እያሰሉ በዓላትንና አጽዋማትን ያወጡ ነበር። የእነርሱም ትምህርት ወጪ ነበረው፤ ለዓመታት ከመምህር ወደ መምህር ሲዘዋወሩ የሚኖሩት ኮቸሮ ለምነው፣ ደበሎ ለብሰው ነው። ለተማሪው ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬና ለዳባዲ ድርጎ የሚሰፍረው ገበሬ ያው አንዱ የጎጃም ባላገር ነበር።

ዳባዲ በ1843 ከጎጃም ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር በጉድሩ በኩል ወደ ሊሙ እናርያ ዘለቀ። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ እንግዳውን አክብሮ ያዘው፤ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ሊያመጡ ከላካቸው ሰዎች ጋርም አብሮ ሄዶ ከፋን እንዲያይ አደረገው። አሁንም ወጪው የባለ አገሩ ነበር። በ1846 ከአርኖ ጋር ተመልሶ የጊቤን ምንጭ አገኘ፤ ይህም የነጭ ዓባይ ራስ ነው ብሎ ደመደመና የፈረንሳይን ባንዲራ አቆመበት። ልኬቱ ትክክል፣ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር። የጊቤ ውኃ በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ አይገባም።

በራሱ ገንዘብ የሚሠራ ተመራማሪ ከማንም ፍላጎት ነጻ ነው የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይፈርሳል። ዳባዲ የጸና ካቶሊክ፣ ለፈረንሳይ ጥቅምም የሚቆረቆር ነበር። ከመጀመሪያው ጉዞው ሲመለስ ሮም ደርሶ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲላኩ ጥሯል፤ ማሳያን ወደ ኦሮሞ አገር ለላከው ሚሲዮንም መነሻ የሆነው የእርሱ ማሳሰቢያ ነበር። መኳንንቱ ይህን የባዕድ ሰው መሣሪያና ዓላማ በጥርጣሬ ቢመለከቱ አያስገርምም፤ ተራራ ላይ ወጥቶ አገር የሚለካ ሰው ለምን እንደሚለካ መጠየቅ የገዥ ግዴታ ነው።

በግል ገንዘብ መሥራት ያመጣበት ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው። ገንዘብ የሰጠ ተቋም ስላልነበረ የመስክ መዝገቡን በወቅቱ ያቅርብ የሚለው አልነበረም። በተመሳሳይ ዘመን፣ ከ1841 እስከ 1843፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በጎጃም ተቀምጦ ነበር፤ በባሶ ገበያ ከሚመላለሱ ነጋዴዎችም ስለ ደቡቡ አገር ብዙ መረጃ ሰብስቧል። ቤክ የዳባዲን ደብዳቤዎች ከራሱ መረጃ ጋር ሲያስተያይ አልገጥም አሉት፤ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ወደ ከፋ ጨርሶ አልሄደም እስከ ማለት ደረሰ። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1850 ለሁለቱ ወንድማማቾች ታላቁን ሜዳሊያ ሲሰጥ ቤክ ቀደም ሲል ከዚያው ማኅበር የተቀበለውን ሜዳሊያ በተቃውሞ መለሰ። ዳባዲ ክሱን በአንድ ቀን ሊያፈርሰው የሚችለው ቁጥሮቹን ዘርግቶ ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን በሣጥን ውስጥ ነበሩ። የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተባለው ሥራው በሮዶልፍ ራዶ ሒሳብ ተጣርቶ፣ ከዐሥር ካርታዎች ጋር፣ ከ1860 እስከ 1873 እየተቆራረጠ ታተመ። በኋላ የመጡ ተጓዦች ዳባዲ ያያቸውንና የለካቸውን ነገሮች በታማኝነት እንደ መዘገበ አረጋገጡለት። ስለ ጊቤ ግን ድምዳሜው ስሕተት ነበር። ታማኝነቱ ለሃያ ዓመታት ያህል በጥያቄ ውስጥ የቆየው ግን ስለ ተሳሳተ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ዘገየም ጭምር ነው።

ወንድማማቾቹ በ1848 ከኢትዮጵያ ወጡ። ደጃዝማች ጎሹ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1852፣ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር በጉር አምባ ሲዋጉ ወደቁ። አርኖ የጉዞውን ታሪክ በ1868 ጽፎ አሳተመ፤ የጎሹ ቤት ሕይወት በአውሮፓውያን ዘንድ የሚታወቀው በዚህ መጽሐፍ ነው። አንቷን በፓሪስ የሊቃውንት ሕይወት ውስጥ ገባ፤ በ1851 ወደ ኖርዌይ፣ በ1860 ወደ ስፔን ሄዶ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ተመለከተ፤ በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1882 ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት በሰባ ሁለት ዓመቱ ወደ ሄይቲ የተላከውን ቡድን መራ። በ1892 የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቱ ትንሽ የመግነጢስ ሥራ የሰጠውን ተቋም በሰማንያ ሁለት ዓመቱ መራው።

በባስክ ምድር፣ በአንዳይ ከተማ አጠገብ፣ አትላንቲክን ቁልቁል በሚያይ ገደል ላይ አባዲያ የተባለውን ቤተ መንግሥቱን ያሠራው ከ1864 ጀምሮ ነው። ንድፉ በቪዮሌ ለ ዱክ፣ ሥራው በኤድሞን ዱቱዋ ነበር። ግድግዳዎቹ በኢትዮጵያ ኑሮ ሥዕሎች የተሞሉ ናቸው፤ የፊደላችን ጽሕፈትም ይገኝበታል። በአንድ ወገን ጸሎት ቤት፣ በሌላው ወገን የኮከብ መመልከቻ አለው፤ ዳባዲ ክብን በ400 መክፈልን ይመርጥ ስለ ነበር የቀጥታ መመልከቻው ቴሌስኮፕ በዚሁ ልክ ተሠርቷል። የብርሃንን መታጠፍ ለመለካት ግድግዳዎቹን በሩቅ ወዳለው የላ ሩን ተራራ አቅጣጫ አስበስቶ ነበር። ሙከራው አልሠራም፤ እርሱም ምንም እንዳልታየ፣ ምንም እንዳልተማረ የሚገልጽ አጭር የባስክኛ ቃል በቀዳዳው ላይ አስቀረጸ። ውጤት አልባ ሙከራን ይህን ያህል በግልጽ ያስመዘገበ ባለ ገንዘብ ብዙ አይገኝም።

ልጅ አልነበረውም። ስለዚህ ከሚስቱ ጋር ተስማምቶ በዓመት 40,000 ፍራንክ የሚያስገኘውን ርስትና ቤተ መንግሥቱን ለሳይንስ አካዳሚ አወረሰ። በምትኩ አንድ ግዴታ ጣለ፤ መመልከቻው በሃምሳ ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲያወጣ። በወጣትነቱ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ የማንንም ቀነ ገደብ ሳይፈራ የሠራ ሰው ለተተኪዎቹ ቁጥርም ቀንም ወሰነላቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በዓመት ዐሥር ሺህ፣ በየሌሊቱ ያለ ደመናና ያለ ዕረፍት ከሃያ ሰባት በላይ ኮከብ ማለት ነው። በአትላንቲክ ዳርቻ ደመና የሌለበት ሌሊት ስንት እንደሆነ፣ የአንድን ኮከብ ቦታ አስተማማኝ ለማድረግም ደጋግሞ ማየት እንደሚያስፈልግ ከታሰበ ግዴታው ከመጀመሪያው የማይፈጸም ነበር። ለማነጻጸር፣ ሂፓርኮስ የተባለችው ሳተላይት በትክክል የለካቻቸው ከዋክብት ዝርዝር በ1997 ሲታተም 118,218 ከዋክብት ይዞ ነበር።

ዳባዲ በማርች 1897 ፓሪስ ላይ ሞተ፤ አስከሬኑ በአባዲያ ጸሎት ቤት ሥር ዐረፈ። በዚያው ወር ኦሞ ወደ ቱርካና እንደሚፈስ በጉዞው ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦተጎ በምዕራብ ኢትዮጵያ ተገደለ። የብራና መጻሕፍቱ ወደ ፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። መመልከቻውን አቤ ቬርሻፌልና ተከታዮቹ ለአሠርታት ኮከብ በኮከብ እየቆጠሩ አንቀሳቀሱት፤ ዝርዝሩ ግማሽ ሚሊዮን ሳይሞላ በ1975 ተዘጋ።